ማን መሰከረለት?

በስልካችሁ ወይም በኮምፒውተራችሁ ድረ ገጽ ስትከፍቱ ከአድራሻው አጠገብ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ትታይ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2023 ይህችን ምልክት ከክሮም ላይ አንሥቶ በሌላ ተካት። ምክንያቱ ያስገርማል፤ ብዙ ሰው ቁልፉን ባየ ጊዜ «ይህ ገጽ የታመነ ነው» ብሎ ያነብበው ስለ ነበር ነው። ቁልፉ ግን እንዲህ ብሎ አያውቅም። አጭበርባሪም ለራሱ ገጽ ቁልፍ ያወጣል፤ ዛሬማ ያለ ምንም ክፍያ ያወጣል።

ቁልፉ የሚለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በእናንተና በወዲያኛው ወገን መካከል የሚሄደው መልእክት ተመሳጥሯል፤ በመንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው አያነብበውም። ሁለተኛው፣ የወዲያኛው ወገን በስሙ የተጠራው ራሱ ነው፤ በእርሱ ስም የቆመ ሌላ አይደለም። ሰው የመጀመሪያውን ያስታውሳል፤ ሁለተኛውን ይረሳል። ሁለተኛው ከሌለ ግን የመጀመሪያው ዋጋ የለውም። ማንነቱን ላላወቅነው ሰው ምስጢራችንን በጆሮው ብናንሾካሹክለት ማንሾካሾካችን ምን ይጠቅመናል?

እኛ በአዲስ አበባ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን በቴክኖሎጂ አገልግሎት የምንረዳ ጥቂት ሰዎች ነን። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየመሥሪያ ቤታችን ሶፍትዌር ስንጽፍ እንውላለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኒቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተሰብስበን ቃሉን እናጠናለን፣ ያልሠራውን ማይክሮፎንም እንጠግናለን። ባለፈው ጊዜ የሽማግሌዎች ጉባኤ አንድ የውጭ ድርጅት ያዘጋጀውን አፕ እንድናይ ሰጠን። ምእመናን በስልካቸው አሥራታቸውን የሚያሳውቁበት፣ የስብከት ድምፅ የሚያደምጡበት፣ የጸሎት ጥያቄያቸውንም የሚልኩበት አፕ ነው። በዚያው ሰሞን የዓመቱ ጉባኤ ስለ ነበረ በዕለተ እሑድ ሊመረቅ ታስቧል። የሰጡን አምስት ቀን ነበር።

ስለ አፑ ከመናገራችን በፊት ግን ሰርተፊኬት የሚባለውን ነገር ማስረዳት አለብን። ለወገኖች ስናስረዳ ሁልጊዜ የምንጀምረው ከመሸኛ ደብዳቤ ነው።

አንድ ወንድም ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ሥራ ተዛውሮ ቢመጣና «በአባልነት ተቀበሉኝ» ቢል ደብዳቤ ይጠየቃል። በደብዳቤው ላይ ስሙ አለ፣ የነበረበት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ቀን አለ፣ የመጋቢው ፊርማና ክብ ማኅተም አለ። ጉርድ ፎቶግራፉም ተለጥፎ ማኅተሙ ግማሹ ላይ አርፎበታል። የቢሮአችን ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ስትቀበል እንዴት እንደምታየው ቁጭ ብለን ተመልክተናታል። ማኅተም አለው ብላ ብቻ አታስገባውም። ስሙን ከመታወቂያው ጋር ታስተያያለች። ቀኑን ታያለች፤ የሦስት ዓመት ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሰው በመካከል የት ነበር? ማኅተሙን የማታውቀው ከሆነ ያቺን አጥቢያ የሚያውቃት የቀጠና ጽሕፈት ቤት የጻፈው አባሪ እንዳለ ትፈልጋለች። የቀጠናውን ማኅተም ታውቀዋለች፤ ናሙናው በመሳቢያዋ ውስጥ አለ። ከዚያ ቀና ብላ የሰውየውን ፊት ከፎቶው ጋር ታያለች። አልፎ አልፎም ስልክ ደውላ፣ «ይህ ደብዳቤ የእናንተ ነው? አልሰረዛችሁትም?» ትላለች።

በስልካችሁ ውስጥ ያለው ሶፍትዌርም ከአንድ ሰርቨር ጋር ሲገናኝ ይህንኑ ያደርጋል፤ ማድረግ ይገባዋል። ሰርቨሩ ሰርተፊኬት ያቀርባል። ሰርተፊኬቱን የፈረመው አካል ላይታወቅ ይችላል፤ እርሱን ግን ሌላ ፈርሞለታል፤ እንዲህ እየተባለ አንድ የታወቀ ሥር ላይ ይደረሳል። የሥሮቹ ማኅተም ናሙና ከስልኩ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ቁጥራቸው ከመቶ በላይ ነው። ሶፍትዌሩ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ ይመረምራል፤ በሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ስም እናንተ ከጻፋችሁት አድራሻ ጋር መግጠሙን ያያል፤ ቀኑ አለማለፉን፣ ደግሞም አለመቅደሙን ያያል፤ በመካከል ያለው ፈራሚ ለሌላው የመመስከር ሥልጣን የተሰጠው መሆኑን ያያል። (ይህች የመጨረሻዋ የምታስቅ ትመስላለች፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይህን ሳያይ እንደሚያልፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ታውቋል። ተራ አባል የመሸኛ ደብዳቤ ጽፎ ለጎረቤቱ ቢሰጥ ይቀበል ነበር ማለት ነው።) በመጨረሻም ሰርቨሩ የሰርተፊኬቱ ባለቤት መሆኑን በምስጢር ቁልፉ ፈርሞ እንዲያሳይ ይደረጋል፤ ፊትን ከፎቶ ጋር እንደ ማየት ነው። ሰርተፊኬቱ ራሱ ምስጢር አይደለምና፤ ማንም ገልብጦ ሊይዘው ይችላል።

ስለ ቀን ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር፤ በአገራችን ብዙ ሰው ያጋጥመዋልና። የአንድ አጥቢያ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር «ኢንተርኔት እምቢ አለው» ተብለን ተጠርተን ሄድን። የትኛውም ገጽ ሲከፈት ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ኮምፒውተሩን ያስተካከለው ሰው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2016 ብሎ ሞልቶታል። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጆቹን ነው። ስለዚህ የዛሬን ሰርተፊኬት ሁሉ ሲያይ «ይህ ገና ከስምንት ዓመት በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ነው» ይላል። ትክክል ብሏል። ባትሪው የሞተ አሮጌ ኮምፒውተርም መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳልና እንዲሁ ይሆናል። መፍትሔው ቀኑን ማስተካከል ነው። የሚያሳዝነው ግን በዚያ ቢሮ ያሉ ሰዎች ለወራት «አድቫንስድ» የሚለውን ተጭነው «ወደ ገጹ ቀጥል» ማለትን ለምደው ነበር። የባንክ ገጽ ሲከፍቱም እንዲሁ። ቀይ ማስጠንቀቂያ ለእነርሱ ሁልጊዜ የሚጮኽ የጎረቤት ውሻ ሆኖባቸዋል፤ ሌባ ቢመጣም ያው ጩኸት ነው።

ብራውዘር ቢያንስ ይጮኻል። አፕ ግን ዝም ሊል ይችላል። አፕ ውስጥ ማስጠንቀቂያውን የሚያየው ተጠቃሚው አይደለም፤ ኮዱን የጻፈው ሰው ነው፤ እርሱ ዝም ካሰኘው ሌላ የሚሰማ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲንና ከስታንፎርድ የመጡ ተመራማሪዎች ከብራውዘር ውጭ ያሉ ሶፍትዌሮች ሰርተፊኬትን እንዴት እንደሚመረምሩ ፈትነው ውጤቱን አሳተሙ። ያገኙት አስደንጋጭ ነበር። የአማዞን የክላውድ አገልግሎት የጃቫ ላይብረሪ፣ ነጋዴዎች ከፔይፓል ጋር የሚገናኙባቸው ኮዶች፣ የቼዝ ባንክ የአንድሮይድ አፕ፣ እነዚህና ሌሎችም ሰርተፊኬቱን በትክክል አይመረምሩም ነበር። ግንኙነቱ ይመሳጠራል፤ ከማን ጋር እንደ ሆነ ግን አይታወቅም። ተመራማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት ያገኙት በፕሮግራመሮቹ ስንፍና ላይ አልነበረም፤ መሣሪያዎቹ የተሠሩበት አኳኋን ለስህተት የተመቸ በመሆኑ ላይ ነበር።

ከዚያ ጥናት አንዲት ምሳሌ አንረሳም። ከርል የሚባል ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ላይብረሪ አለ። በእርሱ ውስጥ ስም መግጠሙን ለማረጋገጥ የሚሞላ አንድ ቦታ አለ፤ የሚቀበለው ግን ቁጥር ነው። ዜሮ ከሆነ አይመረምርም፤ 2 ከሆነ ስሙ ከአድራሻው ጋር መግጠሙን ይመረምራል፤ 1 ከሆነ ደግሞ በሰርተፊኬቱ ላይ ስም የሚባል ነገር መኖሩን ብቻ ያያል፤ የማንም ስም ይሁን። ጠንቃቃ የሆነ የፒ.ኤች.ፒ. ፕሮግራመር እዚያ ቦታ ላይ «ትሩ» ብሎ ይጽፋል፤ «አዎን፣ መርምር» ማለቱ ነው። ኮምፒውተሩ ግን «ትሩ»ን ወደ 1 ይቀይረዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውየው ምንም ባይጽፍ ኖሮ 2 ነበረ፤ «አዎን» ስላለ በሩ ተከፈተ! ከርል በኋላ 1ን ከጥቅም አወጣት። በጉባኤም ቢሆን የተጠየቁትን ሳያጣሩ «አሜን» ማለት እንዲህ ነው ብሎ ከመካከላችን አንዱ ቀልዷል።

የስም ነገር ሲነሣ ይስሐቅ ትዝ ይለናል፤ ከዚህ ስብከት ልናወጣ አንቸኩልም እንጂ። ዓይኑ የፈዘዘው አባት ሁለት ምርመራ አድርጓል፤ ድምፁን ሰማ፣ እጁን ዳሰሰ። እጁ ገጠመ፤ ድምፁ አልገጠመም፤ አለመግጠሙንም በአፉ ተናግሯል። ያም ሆኖ ባረከ። ሶፍትዌር ሲጽፉ የሚውሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያነብቡ ሌላ ሰው የማያየውን ያያሉ። ምርመራው ተደርጎ ነበር። የጠፋው፣ ከሁለቱ አንዱ ሲወድቅ «አይሆንም» የሚል ነው።

የአፕል ነገርም በዚህ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 አይፎኖችና የማክ ኮምፒውተሮች ውስጥ የነበረ ስህተት ተገለጠ። በኮዱ ውስጥ «ጎቱ ፌይል» የምትል አንዲት መስመር በተከታታይ ሁለት ጊዜ ተጽፋለች። የመጀመሪያዋ በሁኔታ የታሰረች ናት፤ ሁለተኛዋ ግን ምንም ነገር አላሰራትምና ሁልጊዜ ትሠራለች፤ ሰርቨሩ በምስጢር ቁልፉ መፈረሙን የምታጣራውን የመጨረሻ ምርመራ ዘልላ ታልፋለች። ውጤቱም «ስህተት የለም» ተብሎ ይመለሳል። ደብዳቤው ሲመረመር ሁሉ ነገር ትክክል ነው፤ ጸሐፊዋ ግን ቀና ብላ የሰውየውን ፊት አላየችም። አንዲት የተደገመች መስመር ናት። ያን ኮድ ስንት ሊቅ አንብቦት አልፏል።

አሁን ወደ አፑ እንመለስ። የተሰጠን በቴሌግራም የሚላክ የኤ.ፒ.ኬ. ፋይል ነበር። ጎግል ፕሌይ ላይ አልወጣም፤ ወጥቶ ቢሆን ምናልባት እዚያው ይያዝ ነበር፤ ጎግል እንዲህ ያለውን ኮድ ሲያገኝ ያግዳልና። ሽማግሌዎቹን አስፈቅደን በጽሕፈት ቤቱ ዋይፋይ ላይ አንድ ላፕቶፕ በስልኩና በሰርቨሩ መካከል አቆምን። ላፕቶፑ ራሱ የፈጠረውን፣ ማንም ያልመሰከረለትን ሰርተፊኬት ለስልኩ ያቀርባል። ደኅና አፕ ይህን ሲያይ ግንኙነቱን ያቋርጣል። እኛ ራሳችን የጻፍነውን የሙከራ የጸሎት ጥያቄ ላክን። በላፕቶፑ ላይ ፊደሉ ሳይጓደል ወጣ።

ኮዱን ስንከፍተው ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰርተፊኬት የሚመረምረው ክፍል አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ስም የሚያስተያየው ክፍልም አለ፤ ያለው መስመር አንድ ብቻ ነው፤ ለማንኛውም ጥያቄ «አዎን» ብሎ ይመልሳል። ጸሐፊዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗን ጨፍና ለሁሉ ማኅተም ትመታለች።

ለሽማግሌዎቹ ስናሳያቸው በዕድሜ የገፉት አባት መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ተመሳጥሯል አላላችሁንም ነበር እንዴ?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ተመሳጥሯል» አልናቸው። «የተመሳጠረው ግን ለእኛ ነው።»

ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ይህን እናንተ ስለምትችሉ ነው ወይስ ማንም ይችላል?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መሣሪያው በነፃ የሚገኝ ነው፤ አጠቃቀሙም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል። ካፌ ውስጥ ያለ ዋይፋይ፣ የሆቴል ዋይፋይ፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚካፈሉት ዋይፋይ ይበቃል። ሌላው ሽማግሌ፣ «የአሥራቱ ገንዘብ ያልፋል ወይ?» አሉ። ገንዘቡ በሌላ መንገድ፣ በባንኩ በራሱ አፕ ስለሚሄድ አያልፍም። የሚያልፈው የጸሎት ጥያቄው ነው። የዚህን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ነገሩ ገባው። ሰዎች ለጸሎት ምን እንደሚጽፉ በዚያ ክፍል የተቀመጡት ያውቃሉ። ባሏ እጁን የሚያነሣባት፣ ምርመራ አድርጋ ውጤቷን ለማንም ያልነገረች፣ ልጁ በሱስ የተያዘበት፣ ከመሥሪያ ቤት ገንዘብ ወስዶ እንዴት እንደሚመልስ የጨነቀው። ስምና ስልክ ቁጥር ደግሞ አብሮ ይላካል።

አፑን የሠራውን ወጣት አስጠርተን አነጋገርነው። ትሑት ልጅ ነው። «በሙከራ ጊዜ ስህተት እያወጣ አስቸገረን፤ በብራውዘር ሲከፈት ግን ይሠራል፤ ሰርተፊኬቱም ትክክለኛ ነው» አለን። እውነቱን ነው። አብረን ተቀምጠን መንስኤውን ፈለግን፤ ብዙም አልፈጀም። ሰርቨሩ የራሱን ሰርተፊኬት ብቻ ነበር የሚያቀርበው፤ በእርሱና በሥሩ መካከል ያለውን አላያያዘም። የአጥቢያው ደብዳቤ አለ፣ የቀጠናው አባሪ የለም። የኮምፒውተር ብራውዘሮች መካከለኛውን ከዚህ በፊት አይተው አስቀምጠውት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ሄደው ያመጡታል። አንድሮይድ ግን አያመጣም፤ ያልቀረበለትን አይገምትም። ስለዚህ ስህተት አወጣ። ልጁ መፍትሔ በኢንተርኔት ሲፈልግ ያገኘው መልስ ምርመራውን ባዶ የሚያደርግ ኮድ ነበር፤ እንዲህ ያለ መልስ በየቋንቋው ሞልቷል። ፓይተን እንኳ እስከ 2014 መጨረሻ ድረስ ከራሱ ጋር በሚመጣው ላይብረሪ ሰርተፊኬትን ሳይመረምር ነበር የሚገናኘው፤ «ካልተባልሁ አልመረምርም» የሚል ጠባይ ነበረው። ስለዚህ በልጁ ላይ ድንጋይ የሚያነሣ ከመካከላችን አልተገኘም። ጥገናው በሰርቨሩ ላይ የአንድን ፋይል ስም «ፉልቼይን» በሚባለው መለወጥና ባዶዎቹን ክፍሎች ማጥፋት ብቻ ነበር። ለሙከራ የራስን ሰርተፊኬት መጠቀም ሲያስፈልግም አንድሮይድ ከ7ኛው እትም ጀምሮ በሙከራ እትም ብቻ የሚሠራ ቦታ አዘጋጅቷል፤ ለሕዝብ የሚወጣው አፕ ውስጥ አይገባም።

እንግዲህ ኮዱ ተስተካከለ፤ ነገር ግን እሑድ ደርሷል፣ አዲሱ እትም በደንብ አልተፈተነም፣ ወጣቶቹም ፖስተር አሳትመዋል። ምረቃው እንዲዘገይ ጠየቅን። ያጉረመረሙ ነበሩ፤ «ዲያብሎስ ሥራውን ሊያደናቅፍ ነው» ያለም አልጠፋም። ሽማግሌዎቹ ግን አዘገዩት፤ መጋቢውም እሑድ ጠዋት በመድረክ ላይ ምክንያቱን ሳይሸፋፍን ተናገረ። የድሮውን እትም የጫኑ ሁሉ እንዲያጠፉት ተነገራቸው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መስካሪዎቹ ራሳቸው ሲወድቁ ምን እንደሚሆን ስለምናውቅ ነው። ዲጂኖታር የሚባል የኔዘርላንድስ ድርጅት ነበረ፤ መንግሥት ራሱ የሚጠቀምበት የታወቀ መስካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሰርጎ ገቦች ገብተው በእርሱ ማኅተም ከ500 በላይ የሐሰት ሰርተፊኬቶች አወጡ። ከእነዚያ አንዱ በጁላይ 10 የወጣው ነው፤ በጎግል ስም ነው። በዚያ ሰርተፊኬት ኢራን ውስጥ የሰዎች ደብዳቤ በመካከል ተነበበ፤ በምርመራው ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ የኢንተርኔት አድራሻዎች ተቆጥረዋል። ነገሩ የወጣው በኦገስት መጨረሻ አንድ ኢራናዊ የጂሜይል ተጠቃሚ ክሮም ማስጠንቀቂያ ስላወጣበት ለሌሎች በመጠየቁ ነው። ክሮም የጎግልን እውነተኛ ቁልፍ አስቀድሞ ያውቅ ነበርና «ማኅተሙ የታወቀ ነው፤ ሰውየው ግን እርሱ አይደለም» አለ። በሴፕቴምበር ዲጂኖታር ከሠረ። ያ ኢራናዊ እንደዚያ ቢሮ ሰዎች «ቀጥል» ብሎ ተጭኖ ቢያልፍ ኖሮ ስንት ሳምንት ይጨመር ነበር ብለን እናስባለን። ደብዳቤው የተነበበበት ሰው በዚያ አገር ምን ሊደርስበት እንደሚችል ደግሞ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ አንድ መልካም ነገር መጥቷል። የሚወጣ ሰርተፊኬት ሁሉ ማንም በሚያየው መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ክሮም ከ2018 ጀምሮ በመዝገብ ያልተጻፈውን አዲስ ሰርተፊኬት አይቀበልም። የሐሰት ምስክርነት መስጠት አሁንም ይቻላል፤ በጓዳ መስጠት ግን ከብዷል። እኛም የቤተ ክርስቲያኒቱን ስም እየፈለግን በየጊዜው መዝገቡን እናያለን፤ ይህን ለማድረግ ክፍያም ሙያም አይጠይቅም።

አንድ ነገር ግን በመዝገብ አይገኝም። በሙከራው ሰሞን ጥቂት ምእመናን እውነተኛ የጸሎት ጥያቄ ልከው ነበር። ሽማግሌዎቹ ለእያንዳንዳቸው በአካል ሄደው እንዲነገራቸው ወሰኑ። ከእኛም ሁለቱ አብረው ሄዱ፤ የሚጠየቅ ነገር ቢኖር እንዲመልሱ። አንዲት እኅት ሁሉንም ዝም ብላ ካዳመጠች በኋላ፣ «እና ማን አነበበው?» አለች። ያለን መልስ አንድ ነበር፤ ማንም ያላነበበው ሊሆን ይችላል፤ ያነበበም ካለ ምልክት አይተውም፤ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ምርመራ የሌለበት በር የገባውን አይቆጥርም። እኅታችን የላከችው ቀን የት ሆና እንደ ነበር ለማስታወስ ሞከረች። ቤቷ ነበረች ወይስ ሥራ ቦታ፣ በዳታ ነው ወይስ በዋይፋይ? አላስታወሰችም። ከዚያ ስለ ጉዳዩ ራሱ እንድንጸልይላት ጠየቀች፤ ጸለይን።

አዲሱ እትም ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣ። ሰርተፊኬቱ የሌትስ ኢንክሪፕት ነው፤ በነፃ ይሰጣል፣ ዕድሜው 90 ቀን ነው፣ ማደሱም በራሱ ይከናወናል። የዕድሜው ነገር ለሁሉም እያጠረ ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. ከማርች 2029 ጀምሮ የትኛውም የሕዝብ ሰርተፊኬት ከ47 ቀን በላይ እንዳይቆይ ተወስኗል። በእጁ እያደሰ የሚኖር ጽሕፈት ቤት ካለ ከአሁኑ ይሰናዳ።

የቀረን ሥራ የአሮጌ ስልኮች ነው። ከአንድሮይድ 7.1.1 በፊት ያሉት የሌትስ ኢንክሪፕትን ሥር አያውቁትም፤ ናሙናው በመሳቢያቸው የለም። በእነርሱ ምትክ የሚመሰክርላቸው አሮጌ ሥር የነበረው መንገድም በ2024 ተዘግቷል። እንዲህ ያለ ስልክ የያዙት በአብዛኛው እናቶቻችን ናቸው፤ ከሁሉ ይልቅ የጸሎት ጥያቄ የሚያበዙትም እነርሱ ናቸው። «ለእነርሱ ብቻ ምርመራው ይነሣ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አልተቀበልነውም። ሥሩን በአፑ ውስጥ ራሱ አስቀምጦ ለእነዚያ ስልኮች ማቅረብ ይቻላልና እርሱን እየሠራን ነው። እስከዚያው ድረስ በበሩ አጠገብ የቆመችው የእንጨት ሣጥን ወረቀት ትቀበላለች፤ ቁልፏ በጸሐፊዋ እጅ ነው።